አንበሳ በደጇ የሚያድርባት ከተማ ናይሮቢ

ማለዳ ከናይሮቢ ከተማ መካከል በአውቶሞቢል የተነሣ መንገደኛ፣ መንገዱ በተሽከርካሪ ካልተጣበበበት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ተጓዘ አንዲት አንበሳ ከነደቦሎቿ በሣር ላይ ተጋድማ ፀሐይ ስትሞቅ ለማየት ይችላል። ከአንበሳይቱ ጀርባ የሚታየውም ተራራ ወይም ጫካ ሳይሆን የባንክና የሆቴል ፎቅ ነው። በዓለም ላይ የአራዊት ማሳያ ያላቸው ዋና ከተሞች ብዙዎች ናቸው፤ በእነዚያ ግን አራዊቱ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተዘግተው ሰው በነጻነት እየተዘዋወረ ይመለከታቸዋል። በናይሮቢ ነገሩ ተገልብጦ፣ በብረት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ የሚመለከተው ሰው ሲሆን ነጻ ሆነው የሚዘዋወሩት አራዊቱ ናቸው። ይህም ሁኔታ እንዲያው በዕድል የተገኘ አይደለም፤ ወደ ፊት ጸንቶ ይኖር ወይም ይቀር እንደ ሆነም ነገሩ እስከ ዛሬ ድረስ አልተቈረጠም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ናይሮቢ የሚለው ስም ከማሳዮች ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። ማሳዮች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡበት ረግረጋማ ሜዳ እንጂ ከተማ አልነበረም። በ1896 ከሞምባሳ ወደብ የተነሣው የእንግሊዞች የምድር ባቡር ሥራ በ1899 በግንቦት ወር እዚህ ሲደርስ፣ ከፊቱ ወደ ኪኩዩ ደጋና ወደ ስምጥ ሸለቆው አፋፍ የሚያወጣው አስቸጋሪ ዳገት ስለ ጠበቀው፣ መሐንዲሶቹ ሜዳውን የዕቃ ማከማቻና የሠራተኛ ሰፈር አደረጉት። ሐዲዱ በ1901 ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ሲደርስ የእንግሊዝን መንግሥት ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አስወጥቶ ነበር። ለሥራው ከሕንድ አገር ከመጡት 32,000 ያህል ሠራተኞች 2,500 የሚሆኑት ሞቱ፤ ከ6,000 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ እዚያው ቀሩ። ዛሬ በናይሮቢ ገበያ የሚታየው የሕንድ ተወላጅ ነጋዴ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የምጽዋንና የአስመራን ሐዲድ የሚያውቅ አንባቢ ሁለቱን ሳያመሳስል አይቀርም። በ1887 ከምጽዋ ተጀምሮ በ1911 አስመራ የገባው መንገድ ርዝመቱ 118 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ይወጣል፤ ከሞምባሳ እስከ ናይሮቢ ያለው ደግሞ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚወጣው ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱም ሥፍራ የወደቡ ሙቀት ያሰለቸው ሹም የደጋውን ነፋስ ፈልጎ ወጥቷል። ልዩነቱ ግን አስመራ ባቡሩ ሳይደርስላት በፊት መንደርም ገበያም የነበረች ስትሆን፣ ናይሮቢን የወለዳት ባቡሩ ራሱ መሆኑ ነው። ከተማ እንድትሆን ታስቦባት ስላልተመሠረተችም ውሃ የማይወርድባት፣ ጭቃና ትንኝ የበዛባት ነበረች። በ1902 ቸነፈር ቢገባባት የጤና ሹሞች የሕንዶቹን የገበያ ሰፈር በእሳት እስከ ማቃጠል ደረሱ። ይህን ያህል መከራ እያለባትም በ1905 የግዛቱ መቀመጫ ከሞምባሳ ወደ እርስዋ ተዛወረ፤ ሐዲድ ከገባና መጋዘን ከቆመ በኋላ መዲናን ወደ ሌላ ለማዛወር የሚደፍር ሹም እንደማይገኝ ናይሮቢ ጥሩ ምስክር ናት።

በዚያ ዘመን ከተነሡት ነጋዴዎች መካከል የአሊባይ ሙላ ጂቫንጂ ስም እስከ ዛሬ ይጠራል። ከካራቺ መጥቶ ለባቡሩ ሥራ ሠራተኛና ስንቅ በማቅረብ የከበረው ይህ ሰው፣ በ1902 በሞምባሳ ጋዜጣ አቋቁሞ ነበር፤ ያ ጋዜጣ ለሌሎች ተሸጦ «ኢስት አፍሪካን ስታንዳርድ» ተባለ። በከተማይቱ መካከል ለሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን የሰጠው የአትክልት ሥፍራም በስሙ ይጠራል። ከቀትር በኋላ በዚያ የሚያልፍ እንግዳ በአግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሥራ ፈላጊ፣ በዛፍ ጥላ የሚሰብክ ሰባኪና ስለ ፖለቲካ የሚከራከር ሽማግሌ በአንድነት ያያል። መግቢያ ገንዘብ አይከፈልበትም፤ የአገሩን ሕዝብ ጠባይ ለማወቅ ግን ብዙ ገንዘብ ከሚከፈልባቸው ሥፍራዎች ይልቅ ይጠቅማል።

ስለ ባቡሩ ማወቅ የሚፈልግ ጎብኚ ከአሮጌው ጣቢያ አጠገብ ወደሚገኘው የምድር ባቡር ሙዚየም ይሂድ። በ1971 የተከፈተ ነው። የተሰበሰቡት ባቡሮች አብዛኞቹ በሜዳ ላይ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀባቸው ቆመዋል፤ ከእነርሱም መካከል በአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ላይ ከሄዱት የእንፋሎት ባቡሮች ሁሉ በትልቅነታቸው አንደኛ የነበሩት፣ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ስም የተሰየሙት ይገኙባቸዋል። ዳሩ ግን የብዙውን ተመልካች ልብ የሚስበው አንድ አነስ ያለ የእንጨት ፉርጎ ነው። በ1900 በሰኔ ወር ራያል የሚባል የፖሊስ ሹም፣ ሂዩብነር ከሚባል ጓደኛውና ፓሬንቲ ከሚባል ኢጣልያዊ ጋር ሆኖ፣ በኪማ ጣቢያ ሰው የሚበላ አንበሳ ለመግደል በዚህ ፉርጎ ውስጥ አደፈጠ። ሁለቱ ተኙ፤ ዘብ የቆየው ራያልም እንቅልፍ ጣለው። አንበሳው በተንሸራታቹ በር ገባ፤ የፉርጎው ሚዛን ሲያዘነብል በሩ ከኋላው ተዘጋ። መሬት ላይ የተኛው ፓሬንቲ ሲነቃ አንበሳው በላዩ ቆሞ ነበር። አውሬው ግን እርሱን ትቶ ራያልን ይዞ በመስኮት ዘሎ ወጣ። ፉርጎው ዛሬ ጸጥ ብሎ ቆሟል፤ የመስኮቱን ጥበት የሚያይ ሰው አንበሳ ከነሸክሙ በዚያ መውጣቱን ለማመን ይቸገራል።

ከሙዚየሙ ወጥቶ ወደ ከተማው ሲመለሱ የሚገኘው ሰፊ ጎዳና የኃይለ ሥላሴ ጎዳና ይባላል። ይኸው ጎዳና ከሞይ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ በ1998 ነሐሴ 7 ቀን በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በተጣለው ፈንጂ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል፤ ኤምባሲው የነበረበትም ሥፍራ የመታሰቢያ መናፈሻ ሆኖ የሟቾቹ ስም በግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ጎብኚዎች የሚመጡት ለአራዊቱ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ወደዚህ አይገቡም። መግባት ይገባቸዋል።

በናይሮቢ ጉብኝት ማለት መጀመሪያ ላይ አደን ማለት ነበር። ጉብኝት የሚባለውን ሥራ በመላው ዓለም የሚጠሩበት «ሳፋሪ» የሚለው ቃል ከስዋሂሊ የተወሰደ ነው፤ ዐረብኛ ለሚያውቅ ሰው ምንጩ «ሰፈር»፣ ማለት ጉዞ፣ መሆኑ ግልጽ ነው። በስዋሂሊ ሳፋሪ ማንኛውም መንገድ መሄድ ነው፤ ወደ ዘመድ ቤት መሄድም ሳፋሪ ይባላል። ነጮቹ ቃሉን ወስደው ጠመንጃና ድንኳን ጨመሩበት። በ1904 የተከፈተው የኖርፎክ ሆቴል የእነዚህ አዳኞች መነሻ ነበር። በ1909 የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነቱን ገና የለቀቀው ቴዎዶር ሩዝቬልት ከልጁ ጋር መጥቶ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ከ500 የሚበልጡ አራዊት ገደሉ። ይህ ሁሉ ለሙዚየም የሚሆን ናሙና ለመሰብሰብ ነው ተባለ፤ ናሙናው በርግጥ በዋሽንግተን ሙዚየም ገብቷል፤ ነገር ግን ወሬው በጋዜጣ በተሠራጨ ጊዜ ባለጠጋ ሁሉ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ናይሮቢ መጕረፍ ጀመረ። ከዚያው ዘመን የቀረው ሌላው የታወቀ ቤት የስታንሊ ሆቴል ሲሆን፣ በቡና መጠጫው መካከል በቆመው ግራር ላይ መንገደኞች ለወዳጆቻቸው ደብዳቤ እየለጠፉ ይተዉ ነበርና የዛፉ ዝና ከሆቴሉ ዝና አልፎ ሄዷል።

የኬንያ መንግሥት አደንን በ1977 በሕግ ከለከለ። ከልካዩ ሕግ ግን በድብቅ የሚገድለውን ሊያቆመው አልቻለም፤ በ1980ዎቹ ዓመታት ዝሆን በብዙ ሺሕ አለቀ። በ1989 በሐምሌ ወር ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ከሌባ አዳኞች የተያዘውን 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በናይሮቢ የአራዊት ፓርክ አስከምረው በገዛ እጃቸው እሳት ለኰሱበት። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የዝሆን ጥርስ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከለከለ። በ2016 ሚያዝያ 30 ቀንም ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ 105 ቶን የዝሆን ጥርስና ከአንድ ቶን በላይ የአውራሪስ ቀንድ በዚሁ ሥፍራ አቃጠሉ። ኢትዮጵያም በ2015 ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ አቃጥላለች።

ነጋዴ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ የሚያነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ድሃ አገር ገንዘብ ሊሆን የሚችለውን ዕቃ ስለ ምን ያቃጥላል? ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ሸጠው ገንዘቡን ለጥበቃው ሥራ እናውል የሚሉ የደቡብ አፍሪካ ወገን መንግሥታትም አሉ። የኬንያ ሹሞች መልስ ግን፣ መንግሥት ራሱ ሻጭ ሆኖ በገበያ ከቆመ የሌባውን ጥርስ ከሕጋዊው ለይቶ ለማወቅ ከቶ አይቻልም፤ ደግሞም የሞተ ዝሆን የሚሸጠው አንድ ጊዜ ሲሆን በሕይወት ያለው ዝሆን ስልሳ ዓመት ሙሉ እንግዳ ያመጣል የሚል ነው። አመዱ የተከመረበት ሥፍራ በፓርኩ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ጎብኚው ይህን ክርክር በዓይኑ እያየ ሊያሰላስለው ይችላል።

የፓርኩ አመሠራረትም የሚያስደንቅ ነው። በናይሮቢ የተወለደው መርቪን ካውይ የተባለ የሒሳብ ሰው ትምህርቱን በእንግሊዝ አገር ጨርሶ ሲመለስ፣ በልጅነቱ ያያቸው አራዊት እየጠፉ መሆናቸውን ተመለከተ። ቢናገር የሚሰማው ቢያጣ አንድ ዘዴ ፈጠረ። ከላይ በተጠቀሰው በኢስት አፍሪካን ስታንዳርድ ጋዜጣ ላይ «አሮጌ ሰፋሪ» በሚል የብዕር ስም፣ አራዊት ለእርሻም ለከብትም ጠንቅ ናቸውና በሙሉ ተገድለው ይለቁ የሚል ደብዳቤ አወጣ። የከተማው ሰው በቁጣ ተነሣ፤ ስብሰባ ተጠራ፤ መንግሥትም ነገሩን የሚያጠና ኮሚቴ ለማቆም ተገደደ። እንዲህ ያለው ማታለል የሚመሰገን መሆኑ ያጠራጥራል፤ ፍሬ ማፍራቱ ግን አያጠራጥርም። ዓለም ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1946 በታኅሣሥ ወር የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በአዋጅ ተቋቋመ፤ በአገሩ የመጀመሪያው ሲሆን ካውይም የፓርኮቹ የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆነ። በዚሁ ጊዜ ማሳዮች ከብት ያሰማሩበት የነበረው ምድር እንደ ተዘጋባቸው መዘንጋት አይገባም፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ችግር ሁሉ ሥሩ ከዚያ ነውና።

የፓርኩ ስፋት 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ለአራዊት ፓርክ በጣም ትንሽ ነው። ቢሆንም አንበሳ፣ ነብር፣ አቦ ሸማኔ፣ ጎሽ፣ ቀጭኔ፣ የሜዳ አህያ፣ ሰጎን፣ በወንዙም ጉማሬና አዞ ይገኙበታል። ዝሆን የለም፤ ቦታው አይበቃውም። ከሁሉ ይልቅ የሚኰራበት ጥቁሩ አውራሪስ ነው፤ በሌሎች ሥፍራዎች በሌባ አዳኝ ሲያልቅ እዚህ በቅርብ እየተጠበቀ ስለ ተራባ፣ ለሌሎች ፓርኮች እስከ መላክ ተደርሷል። የወፎቹም ዓይነት ከ400 በላይ መሆኑ ይነገራል። በሩ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው፤ ከአውቶሞቢል መውረድ የሚፈቀደው በተለዩ ጥቂት ሥፍራዎች ብቻ ሲሆን፣ ከጉማሬዎቹ ኵሬ አጠገብ ጠመንጃ የያዘ ዘብ እየመራ በእግር ያዘዋውራል። ዝንጀሮዎቹ ስንቅ ከእጅ ስለሚነጥቁ እንጀራውን በክፍት መስኮት የሚበላ መንገደኛ እንጀራውን እንደ ተቀማ ይቍጠረው። የሚሻለው ወቅት ዝናብ የማይዘንብበት ጊዜ ነው፤ በበጋ አራዊቱ የማይደርቀውን ውሃ ፈልገው ወደ ፓርኩ ይሰበሰባሉ፤ ዝናብ ሲጥል ግን ተነሥተው ወደ ደቡብ ይሄዳሉ።

የሚሄዱበት ደቡብ የፓርኩ ጭንቅ ነው። ፓርኩ በሦስት ወገን በአጥር የተከለለ ሲሆን፣ በአራተኛው፣ በደቡብ በኩል፣ ከወንዙ በቀር አጥር የለበትም፤ ከወንዙ ማዶ የአቲና የካፒቲ ሰፊ ሜዳ ይዘረጋል። አራዊቱ ዓመቱን ሙሉ በ117 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሊኖሩ አይችሉም፤ በክረምት የሚበሉት ሣርና የሚወልዱበት ሜዳ ከማዶው ነው። ያ ሜዳ የመንግሥት አይደለም፤ የማሳዮች ነው። ቀድሞ በማኅበር የያዙት መሬት እየተከፋፈለ በየግል ስም ተመዘገበ። ከተማይቱም ወደ እርሱ ሰፋች፤ ፋብሪካ፣ የሲሚንቶ ሥራ፣ የድንጋይ ማውጫ፣ የአበባ እርሻና መኖሪያ ቤት ተተከለ፤ እያንዳንዱም ባለርስት በድርሻው ዙሪያ ሽቦ ዘረጋ። በ1970ዎቹ ዓመታት በብዙ አሥር ሺሕ ሆኖ በዚያ ሜዳ ይመላለስ የነበረው፣ ዊልደቢስት የሚባለው ጢማምና ጎባጣ የዱር ከብት፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ወደ ጥቂት ሺሕ ወረደ።

ባለርስቱን ክፉ ሰው ነው ለማለት አይቻልም። መሬቱን ከፍሎ የሚሸጥ ማሳይ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ወይም በሽተኛውን ለማሳከም ነው የሚሸጠው። የሜዳ አህያ የከብቱን ሣር ይጋጥበታል፤ አንበሳው ሌሊት በረቱን ይሰብርበታል፤ ጎብኚው የሚከፍለው ገንዘብ ግን የሚገባው በሰሜኑ በር ነው። ይህን የተረዱ የጥበቃ ወገኖች በ2000 አንድ ዘዴ ጀመሩ፤ መሬቱን ያላጠረ፣ ያልሸነሸነ፣ ድንጋይም ያላወጣበት ባለርስት ለእያንዳንዱ ኤክር በዓመት 4 የአሜሪካ ዶላር ኪራይ እንዲከፈለው ስምምነት ተደረገ። አራዊቱ ዝም ብለው ሲያልፉ የሚከፈል ኪራይ መሆኑ ነው። ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን ለልጅ ትምህርት ማዋሉ ታወቀ። ነገር ግን አራት ዶላር ከመሬት ገበያ ዋጋ ጋር ሊወዳደር አይችልም፤ ገንዘቡም የሚገኘው ከለጋሾች ስለ ሆነ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ የዚህን ስምምነት ደካማ ጎን ለማየት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

በ2012 በሰኔ ወር በኪቴንጌላ በግና ፍየል የፈጁ ስድስት አንበሶች በአንድ ቀን ማለዳ በመንደሩ ሰዎች ጦር ተገደሉ። በ2016 ደግሞ ከፓርኩ የወጣ፣ ሞሐውክ የሚል ስም የተሰጠው የታወቀ አንበሳ አንድ ሰው ስላቈሰለ የፓርኩ ዘቦች ራሳቸው በጥይት ገደሉት። ከእነዚህ መርዶዎች ጎን ለጎን የሚነገር አንድ የምሥራች አለ። ሪቻርድ ቱሬሬ የተባለ የማሳይ ልጅ፣ ገና አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው የአባቱን ከብቶች እንዲጠብቅ ታዝዞ፣ እሳት ቢያነድ አንበሳው አልፈራ አለ፤ ማስፈራሪያ አሻንጉሊት ቢያቆም ለአንድ ሌሊት ብቻ ፈራና በማግሥቱ ተመለሰ። አንድ ሌሊት ባትሪ መብራት ይዞ በበረቱ ዙሪያ ሲዘዋወር ግን አንበሳው ሳይጠጋ ቀረ፤ የሚፈራው የሚንቀሳቀሰውን ብርሃን መሆኑን ልጁ ልብ አለ። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ፣ ከፀሐይ ኀይል መሰብሰቢያና ከሞተር ብስክሌት የፍሬቻ ማብሪያ አቀናብሮ፣ ሰው የሚዘዋወር የሚያስመስሉ በተራ የሚበሩና የሚጠፉ አምፖሎች በበረቱ ዙሪያ ተከለ። አንበሳው ዳግመኛ አልመጣም። ጎረቤቶቹም ይተከልልን አሉ፤ ልጁ በ2013 በአሜሪካ አገር በታላቅ ጉባኤ ፊት ቆሞ የሠራውን አስረዳ፤ ዘዴውም ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ።

ከሁሉ የበለጠው ክርክር ግን በመንግሥት ሥራ ምክንያት የተነሣው ነው። በ2017 አዲሱ ሰፊ ሐዲድ ከሞምባሳ ናይሮቢ ከገባ በኋላ፣ ወደ ናይቫሻ የሚቀጥለው መሥመር በፓርኩ መካከል እንዲያልፍ ተወሰነ። የጥበቃ ማኅበሮች ተቃወሙ፤ ጉዳዩን የሚሰማው ችሎት ሥራው እንዲቆም ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር፤ በ2018 ግን ሥራው ቀጠለና በ2019 ባቡሩ መሄድ ጀመረ። ሐዲዱ የሚያልፈው ወደ ስድስት ኪሎ ሜትር በሚሆን ረጅም ድልድይ ላይ ሲሆን፣ ቀጭኔ እንኳ በሥሩ እንዲያልፍ ሆኖ ተሠርቷል። ዛሬ በድልድዩ ጥላ ሥር ተኝተው የሚያርፉ እንስሶች ይታያሉና ያለ ጉዳት አለፈ የሚል አለ፤ አንድ ጊዜ በሩ ከተከፈተ ነገ ሌላው መንገድ፣ ከነገ ወዲያም ሦስተኛው ይከተላል የሚልም አለ። ሁለተኛው ወገን የከተሞችን ጠባይ በደንብ የሚያውቅ ይመስላል።

ከፓርኩ ጋር ተያይዞ የሚጎበኘው የዝሆን እጓለ ማውታዎች ማሳደጊያ ነው። የጻቮ ፓርክ ኀላፊ የነበረው ዴቪድ ሼልድሪክ በ1977 ሲሞት ባለቤቱ ዳፍኒ በስሙ ያቋቋመችው ነው። እናቱ የተገደለችበት ግልገል ዝሆን የላም ወተት ስለማይስማማው ቶሎ ይሞት ነበር፤ ዳፍኒ ብዙ ዓመት ከደከመች በኋላ የኮኮናት ዘይት የገባበት የሚስማማ ወተት አገኘች። ግልገሉ ብቻውን ካደረ ከሐዘን የተነሣ ስለሚታመም ጠባቂው ከጎኑ ይተኛል፤ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ እንዳይላመድም ጠባቂዎቹ ይለዋወጣሉ። ካደጉ በኋላ ወደ ጻቮ ተወስደው ከዱር ዝሆኖች ጋር ይቀላቀላሉ፤ በዱር የወለዱም አሉ። ዳፍኒ ሼልድሪክ በ2018 ዐርፋለች። ጉብኝቱ በቀን አንዲት ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ አስቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። በአቅራቢያውም ሊያልቅ የደረሰውን የሮትሺልድ ቀጭኔ ለማራባት በ1979 የተቋቋመው ማኅበር የቀጭኔ ማዕከል ይገኛል፤ ጎብኚው ከፍ ካለ ሰገነት ላይ ሆኖ በእጁ ያበላል። ለሕፃናት በጣም ደስ የሚያሰኝ ነው።

በዚያው ወገን በንጎንግ ኮረብታዎች ግርጌ የዴንማርካዊቷ ደራሲት የካረን ብሊክሰን ቤት በ1986 ሙዚየም ሆኗል። ጸሐፊዋ እስከ 1931 ድረስ ቡና ስታለማ ኖራ፣ ቦታው ለቡና ከመጠን በላይ ደጋ ስለ ሆነ ከስራ ተመለሰች። ቡና ወደ ኬንያ በ1893 ገደማ የገባው በፈረንሳይ መነኮሳት እጅ ከሬዩንዮን ደሴት መሆኑ ለሐበሻ አንባቢ የሚያስገርም ነው፤ የቡና አገር የሆነችው ከፋ ጎረቤት ሳለች ፍሬው ዓለምን ዞሮ በባሕር መጣ።

ከአራዊቱ በኋላ አንድ ቀን የተረፈው ሰው ብሔራዊ ሙዚየሙን ይይ። በ1930 ኮሪንደን ሙዚየም ተብሎ የተከፈተ ነው። በ1984 ካሞያ ኪሜዩ የተባለው ኬንያዊ አጥንት ፈላጊ ከቱርካና ሐይቅ በምዕራብ ያገኘው፣ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት ያህል የሆነው የልጅ አጽም የሙዚየሙ ዋና ሀብት ነው። የእኛው ኦሞ ወንዝ የሚገባበት ሐይቅ ስለ ሆነ፣ ድንቅነሽን የሚያውቅ ሰው የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ሁለተኛ ምዕራፍ እንደ ገለጠ ይሰማዋል። በግቢው ውስጥ የቆመው ግዙፍ ዝሆን የአሕመድ ምስል ነው። አሕመድ ጥርሱ መሬት ሊነካ የደረሰ የማርሳቢት ዝሆን ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ማንም እንዳይነካው በልዩ ትእዛዝ አስጠብቀውት፣ በ1974 በእርጅና ሞተ። ከእርሱ በቀር እንደዚህ ያለ የመንግሥት ትእዛዝ የወጣለት ዝሆን መኖሩ አይታወቅም።

በከተማው መካከል ያለው ክብ ግንብ በ1973 የተፈጸመው የኬንያታ ጉባኤ አዳራሽ ነው፤ ቁመቱ 105 ሜትር ሲሆን፣ ከአናቱ ላይ ቆሞ ፓርኩንና ከተማውን በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል። ከበታቹ የሚታየው የኡሁሩ መናፈሻና በሰሜን ያለው የካሩራ ደን ባሉበት መኖራቸው የወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ ድካም ውጤት ነው። በ1989 በመናፈሻው ላይ ስልሳ ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊቆም ሲል ተቃውመው አስቀሩት፤ በ1999 ከ1,000 ሄክታር በላይ የሆነው የካሩራ ደን ለቤት ሠሪዎች ሲከፋፈል ችግኝ ይዘው ቢሄዱ በተቀጠሩ ዘበኞች ተደብድበው ደማቸው ፈሰሰ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2011 ዐረፉ። ዛሬ በደኑ ውስጥ ሰው በእግሩና በብስክሌት ይዘዋወራል፤ ፏፏቴና የማው ማው አርበኞች የተሸሸጉባቸው ዋሻዎች አሉበት።

ለነጋዴው የሚበጀው ሰፈር ኢስሊ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ከአገራቸው የተሰደዱ ሶማሊያውያን ጋሪሳ ሎጅ በሚባል ማደሪያ ቤት ውስጥ ክፍሎቹን ወደ ሱቅ ለውጠው የጀመሩት ንግድ አድጎ፣ ሰፈሩ ከዱባይና ከቻይና የሚመጣ ዕቃ ለምሥራቅ አፍሪካ የሚከፋፈልበት ገበያ ሆኗል። የእኛም አገር ሰዎች ብዙዎች ስለሚኖሩበት እንጀራና ቡና የሚናፍቅ ሰው አይቸገርም። የማሳዮች ዶቃና የእንጨት ሥራ በየሳምንቱ ቦታ እየቀየረ በሚውለው የማሳይ ገበያ ይገኛል፤ መጀመሪያ የተጠራው ዋጋ ለክርክር መክፈቻ ነውና ነጋዴው ቢከራከር አይቀየሙትም። ገንዘብ በብዛት ይዞ መሄድ አያሻም፤ በ2007 በተጀመረው ኤም ፔሳ በሚሉት የስልክ ገንዘብ ሊስትሮ እንኳ ይከፈለዋል።

በምድር ለሚሄድ ሰው ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ የሚያልፈው መንገድ፣ ቀድሞ ሽፍታና አቧራ ለብዙ ቀን ያስቸግሩበት የነበረ ሲሆን፣ በ2010ዎቹ ዓመታት አስፋልት ለብሷል። በ2020 በታኅሣሥ ወር በሞያሌ የሁለቱ አገሮች የጋራ ድንበር መቈጣጠሪያ ጣቢያ ተመርቋል። የይለፍ ደንቡ የሚለዋወጥ ስለ ሆነ ከመነሣት በፊት መጠየቅ ይበጃል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የፓርኩ ዘቦች የመጨረሻውን አውቶሞቢል አስወጥተው በሩን ይዘጋሉ። በሰሜን የከተማይቱ ፎቆች መብራት አንድ በአንድ ይበራል። በደቡብ፣ ከወንዙ ማዶ፣ በኪቴንጌላ በረቶች ዙሪያ ትንንሾቹ አምፖሎች በተራ እየበሩ እየጠፉ ይጀምራሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጨለማ የአንበሳው ነው።